ከተማሪዎቹ ጋር መድረክ የወጣው መምህር፤ ራቢንድራናት ታጎር

የትወና፣ የሙዚቃና የውዝዋዜ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ይሠራል ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። አንዳንዶቹ ተሰጥኦ ያለው ሳይማርም ይሠራዋል፣ የሌለው ደግሞ ዓመታት ቢማር አይሆንለትም ባዮች ናቸው። የሌሎቹ ነገር ከዚህም ይከብዳል፤ ልጃቸው ቴአትር ላጥና ሲላቸው ለአዝማሪነት ደግሞ ምን ዲግሪ ያስፈልጋል ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በዚህ ትምህርት ክፍል ያለን ተማሪዎች ይህን ነገር በአንድም በሌላም መንገድ የሰማነው ይመስለኛል።

ለዚህ መልስ ስንፈልግ ብዙውን ጊዜ የምንሄደው ወደ ሞስኮ ወይም ወደ በርሊን ነው። ስታኒስላቭስኪን እንጠቅሳለን፣ ብሬኽትን እንጠቅሳለን፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ሕንድ ቤንጋል ልወስዳችሁ አስቤያለሁ። ራቢንድራናት ታጎርን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1913 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በወሰደ ገጣሚነቱ ነው። ከአውሮፓውያን ወገን ያልሆነ ሰው ይህን ሽልማት ሲያገኝ እሱ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ሰው ግን አርባ ዓመት ሙሉ መምህር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም አቋቁሟል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃን፣ ቴአትርንና ውዝዋዜን ከሌላው ትምህርት እኩል አስቀመጠ። እንዴት አድርጎ አስቀመጣቸው? ምን አስከፈለው? ልናገር የተነሳሁት ይህንን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ትምህርት ቤት የጠላው ልጅ

ታጎር የተወለደው ሜይ 7 ቀን 1861 ካልካታ ከተማ፣ ጆራሳንኮ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ሰፊ የቤተሰቡ ግቢ ነው። አያቱ ድዋርካናት ባለጸጋ ነጋዴ ነበሩ። አባቱ ደበንድራናት ደግሞ ብራህሞ ሳማጅ የተባለው የሃይማኖት ማሻሻያ ንቅናቄ መሪ ነበሩ። ራቢንድራናት ለዚህ ትልቅ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ አደገ።

የእነ ታጎር ቤት እንዲያው ቤት ብቻ አልነበረም። ሙዚቃ የሚለማመዱ፣ ግጥም የሚያነቡ፣ ተውኔት የሚጽፉ ወንድሞችና የአጎት ልጆች የሞሉበት ግቢ ነው። በተለይ ታላቅ ወንድሙ ጂዮቲሪንድራናት ተውኔት ጸሐፊም ሙዚቀኛም ስለነበር ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዜማ ሲፈልግ ታናሽየው አጠገቡ ሆኖ ግጥም ይገጥምለት ነበር። የታጎር የመጀመሪያው የኪነ ጥበብ ትምህርት ይሄ ነበር ማለት ይቻላል።

መደበኛው ትምህርት ቤት ግን ፈጽሞ አልሆነለትም። አንዱን ትምህርት ቤት ትቶ ሌላ ገባ፣ ያንንም ትቶ ሌላ ሞከረ፣ በመጨረሻ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ተወው። በ1878 ወደ እንግሊዝ ተልኮ ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥቂት ጊዜ ተማረ፤ በ1880 ግን ያለ ዲግሪ ወደ አገሩ ተመለሰ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ሰው ራሱ ዩኒቨርሲቲ አልጨረሰም። ታጎር ትምህርትን ጠልቶ አያውቅም፤ የጠላው አራት ግድግዳ መሃል ተቀምጦ የሰሙትን መልሶ መድገምን ነበር። ኋላ የሠራቸውን ነገሮች ሁሉ ስመለከት ከዚህ ጥላቻ የተነሱ ሆነው ይታዩኛል።

ከእንግሊዝ በተመለሰ በዓመቱ በ1881 «ቫልሚኪ ፕራቲባ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፈ። ታሪኩ ቫልሚኪ የተባለው ወንበዴ እንዴት ራማያናን የደረሰ ባለቅኔ ለመሆን እንደበቃ የሚያሳይ ነው። በዜማዎቹ ውስጥ የሕንድ ራጋዎችን እንግሊዝ አገር ከሰማቸው የአየርላንድና የስኮትላንድ ዜማዎች ጋር ቀላቀለ። ቫልሚኪን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም። የጥበብ አምላክ የሆነችውን የሳራስቫቲን ገጸ ባሕርይ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ፕራቲባ ወሰደች። ዝግጅቱ የቀረበው በቤተሰቡ ግቢ በተጠሩ እንግዶች ፊት ነበር።

ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አይደለችም። በዚያን ዘመን በካልካታ የንግድ ቴአትር ቤቶች የሚተውኑት ሴቶች ከሴተኛ አዳሪ ሰፈሮች የመጡ ነበሩ። ለጨዋ ቤተሰብ ሴት ልጅ መድረክ መውጣት ማለት ስሟን መጣል ማለት ነው። የውዝዋዜው ደግሞ ከትወናውም የባሰ ነበር። በቤተ መቅደስና በመኳንንት ፊት የሚወዛወዙ ሴቶች ጥበባቸው ትልቅ ሆኖ ሳለ ስማቸው ከዝሙት ጋር ተያይዞ ይነሳ ነበር። ጥበቡን እየወደዱ ጥበበኛውን መናቅ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪውን ለሰርግ እየጠራ፣ እያጨበጨበና እየሸለመ፣ ልጁ አዝማሪ ልሁን ሲለው ግን የሚቆጣ ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ ሰው የቤንጋሉ ነገር ወዲያው ይገባዋል።

በዛፍ ጥላ ሥር

ከካልካታ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦልፑር ከተባለች ከተማ አጠገብ የታጎር አባት በ1863 ለጸሎትና ለጥሞና የያዙት ቦታ ነበር። ስሙ ሻንቲኒኬታን ይባላል፤ የሰላም ማደሪያ እንደማለት ነው። ታጎር በዲሴምበር 1901 እዚህ ቦታ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዱ የገዛ ልጁ ራቲንድራናት ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። ገንዘብ ስላልነበረ ባለቤቱ ምሪናሊኒ ዴቪ ጌጣጌጧን ሸጠች። እሷም ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት እንኳ ሳይደፍን በኖቬምበር 1902 አረፈች። በ1903 ሴት ልጁ ሬኑካ፣ በ1905 አባቱ፣ በ1907 ደግሞ ትንሹ ወንድ ልጁ ሻሚንድራናት ተከታትለው ሞቱ። አምስት ዓመት ውስጥ አራት ሐዘን! ሌላ ሰው ቢሆን ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ቤቱ በተቀመጠ። ታጎር ግን በ1908 ለተማሪዎቹ «ሻራዶትሳቭ» የተባለ ተውኔት ጻፈላቸው። ትርጉሙ የመጸው በዓል ማለት ነው፤ ሕፃናት ከትምህርት ተለቀው ሜዳ ላይ የሚፈነጥዙበት፣ ዘፈን የሞላበት ሥራ ነው። ልጁን በቀበረ በዓመቱ ለልጆች የደስታ ተውኔት መጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ የማስተማር ዘዴውን ጠጋ ብለን ብናየው ለእኛ ይጠቅመናል።

አንደኛ፣ ተውኔት የሚጽፈው በእጁ ላሉት ተማሪዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ወንዶች ልጆች ስለነበሩ ቀደም ያሉት የሻንቲኒኬታን ተውኔቶች የወንድ ልጆች ገጸ ባሕርያት ይበዙባቸዋል። ሴት ተማሪዎች ሲበዙ ደግሞ ሴቶች የሚመሯቸው ሥራዎች መጡ።

ሁለተኛ፣ ልምምድ በዝግ በር አይካሄድም። አዲስ ተውኔት ሲጨርስ ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ በአንድነት ያነብላቸዋል፤ ልምምዱንም የፈለገ ይመለከታል። ትንንሾቹ ቁጭ ብለው በማየት ብቻ ዘፈኖቹን ይይዟቸዋል። ሥራው ተጠናቋል ተብሎ አይደረቅም፤ ልምምድ ላይ አዲስ ዘፈን ይጨመራል፣ አንድ ትዕይንት ይወጣል፣ ሌላ ይገባል።

ሦስተኛ፣ መምህራኑም ይተውናሉ። ከሁሉም በላይ ራሱ ታጎር ይተውናል። በ1916 «ፋልጉኒ» የተባለው ተውኔቱ በባንኩራ አካባቢ በረሃብ ለተጎዱ ሰዎች ገቢ ማሰባሰቢያ ካልካታ ሲቀርብ ዓይነ ስውር ዘፋኝ ሆኖ ተጫውቷል። የኖቤል ተሸላሚ ነው፣ ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ ቢሆንም ከተማሪዎቹ ጋር ሜካፕ ተቀብቶ መድረክ ወጣ።

አራተኛ፣ መድረኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ታጎር በ1902 በጻፈው አንድ መጣጥፍ እውነተኛ መስሎ ለመታየት የሚሳሉ የመድረክ ጀርባ ሥዕሎችን አጥብቆ ተቃውሟል። ክርክሩ ባጭሩ ተመልካቹ የራሱ ምናብ ስላለው በሸራና በቀለም ልንጨቁነው አይገባም የሚል ነው። የጃትራን፣ ማለትም በገበሬው መሃል ያለ መጋረጃ የሚቀርበውን የቤንጋል ባህላዊ ቴአትር በምሳሌነት ያነሳል። በጀት አነሰ ብለን ዝግጅት ለምናጥፍ ተማሪዎች ይህ ጥሩ ትምህርት አይደለም ትላላችሁ?

ዜማውን በተመለከተም አንድ ልጨምር። ታጎር ከሁለት ሺህ በላይ ዘፈኖች የደረሰ ሰው ነው፤ ችግሩ ግን ዜማውን ቶሎ ይረሳዋል። አዲስ ዜማ በመጣለት ቁጥር ዲነንድራናት የተባለውን የወንድሙን የልጅ ልጅ ያስጠራል። ዲነንድራናት ሰምቶ ይይዛል፣ ኖታውን ይጽፋል፣ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። ዛሬ ብዙዎቹ ዘፈኖች የተረፉት በዚህ ሰው ትጋት ነው። ከታላቅ ሠሪ ጀርባ መዝግቦ የሚያቆይ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይቀር ነበር? የእኛ አገር ስንት የመድረክ ሥራ መዝጋቢ አጥቶ እንደጠፋ ማሰብ ይበቃል።

በ1912 የታተመው «ፖስታ ቤት» ከተውኔቶቹ ሁሉ በዓለም የታወቀው ነው። አማል የተባለ የታመመ ልጅ ከቤት እንዳይወጣ ተከልክሎ በመስኮት ያለፈ ያገደመውን ያነጋግራል፤ ከንጉሡ ደብዳቤ ይመጣልኛል ብሎም ይጠብቃል። በ1913 የደብሊኑ አቤይ ቴአትር አቀረበው። በጁላይ 1942 ደግሞ ያኑሽ ኮርቻክ የተባለው ሐኪምና መምህር በዋርሶ የአይሁድ ጌቶ ውስጥ በሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ሕፃናት አሠራው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕፃናቱም እሱም ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው ተገደሉ። የቴአትር ትምህርት ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው ሌላ መከራከሪያ ሳልፈልግ ይህንን ብቻ ብነግረው ይበቃኛል። ሞት ደጃፋቸው ለቆመ ልጆች አስተማሪያቸው ሊሰጣቸው የመረጠው ነገር በቤንጋል ትምህርት ቤት ላለ መምህር ብዕር የተጻፈ ተውኔት ነበር።

ውዝዋዜ ክፍል ሲገባ

የኖቤል ሽልማቱ ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ መደገፊያ ዋለ። ታጎር ግን ከዚያ በላይ አሰበ። በዲሴምበር 1918 የቪስቫ ባራቲ ዩኒቨርሲቲ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ በ1919 ትምህርት ተጀመረ፤ ዲሴምበር 23 ቀን 1921 ደግሞ በይፋ ተመረቀ። የእንግሊዝ አገዛዝ በሕንድ ያቋቋማቸው ዩኒቨርሲቲዎች በዋናነት የሚያዘጋጁት ለቢሮ ሥራ ነበር። ሙዚቃና ሥዕል እዚያ ቦታ የላቸውም። ቪስቫ ባራቲ ግን ገና ከመነሻው በ1919 ካላ ባቫና የተባለውን የኪነ ጥበብ ቤት ያዘ። ሠዓሊውና ሙዚቀኛው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ሥዕሉን ኋላ ናንዳላል ቦስ መራው። ሙዚቃውና ውዝዋዜው አድጎ በ1930ዎቹ ሳንጊት ባቫና በሚል ራሱን ቻለ።

ታጎር ዜማና ተውኔት ሲያስተምር የሚከለክለው አልነበረም። ውዝዋዜ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በኖቬምበር 1919 ሲልሄት የተባለውን አካባቢ ሲጎበኝ የማኒፑሪ ማኅበረሰብ ውዝዋዜ አየና ልቡ ተነካ። ከትሪፑራ ንጉሥ ጠይቆ በ1920 የማኒፑሪ ውዝዋዜ መምህር አስመጣ። መጀመሪያ የተማሩት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ያውም ትምህርቱ በከበሮ ምት የሚሠራ የሰውነት ማጎልመሻ ተብሎ ነው የቀረበው። ብልሃቱ ደስ ይላል! ውዝዋዜ ቢባል ወላጅ ይቆጣል፤ ጂምናስቲክ ሲባል ግን ማን ምን ይላል?

ለሴቶቹ ግን ይህ ብልሃት ብዙ አያራምድም። በ1926 ሌላ የማኒፑሪ መምህር ከትሪፑራ መጣና ሴት ተማሪዎችን ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዓመት ታጎር «ናቲር ፑጃ» የተባለውን ተውኔት ጻፈ፤ የጨፋሪዋ አምልኮ ማለት ነው። ሽሪማቲ የተባለች የቤተ መንግሥት ጨፋሪ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። አምልኮው በአዋጅ ከተከለከለ በኋላ እሷን ለማዋረድ በተቀደሰው ቦታ ላይ እንድትጨፍር ትታዘዛለች። እሷም ትጨፍራለች፤ ግን እየጨፈረች ጌጧንና የክብር ልብሷን አንድ በአንድ ታወልቃለች፤ በመጨረሻ ከሥር የለበሰችው የመነኩሲት ልብስ ይታያል። ውዝዋዜዋ ጸሎት ሆነ። እዚያው ትገደላለች።

ተውኔቱ በሜይ 1926 በታጎር ልደት ቀን ሻንቲኒኬታን ላይ ቀረበ። ተዋንያኑ በሙሉ ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ሽሪማቲን ሆና የተወዛወዘችው የናንዳላል ቦስ ልጅ ጎሪ ናት። ይህ ግን በግቢ ውስጥ፣ በዘመድ ፊት ነው። በጃንዋሪ 1927 ካልካታ ለሕዝብ ሊቀርብ ሲታሰብ ስጋት መጣ። የጨዋ ሰው ልጅ በሕዝብ ፊት ስትጨፍር ከተማው ምን ይላል? ታጎር ያደረገው ነገር እኔ ከሕይወቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። በተውኔቱ ውስጥ ያልነበረ ኡፓሊ የተባለ መነኩሴ ገጸ ባሕርይ ጨመረ፤ ብቸኛው ወንድ ገጸ ባሕርይ ማለት ነው፤ ራሱም ያንን ሆኖ መድረክ ወጣ። ስድስት አሠርት ዓመታት ያለፉት፣ ጢሙ የሸበተ፣ ዓለም የሚያውቀው ሰው ከልጅቷ ጋር በአንድ መድረክ ቆሞ ሳለ እሷን የሚሰድብ ሰው እሱንም መስደብ ነበረበት። ጋዜጣ ላይ ስለ ሴቶች መብት መጣጥፍ መጻፍ ይችል ነበር፤ ደግሞም መጻፍ ለእሱ አይቸግረውም። እሱ ግን ስሙን እንደ ጃንጥላ ዘረጋላት።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚው የአማርትያ ሴን እናት አሚታ ሴን በታጎር የውዝዋዜ ድራማዎች ከተጫወቱት የዚያ ትውልድ ሴቶች አንዷ ናቸው። ከሻንቲኒኬታን የወጣችው ምሪናሊኒ ሳራባይ ደግሞ በ1949 አሕመዳባድ ውስጥ ዳርፓና የተባለውን የኪነ ጥበብ አካዳሚ መሠረተች። ዛሬ በሕንድ ውዝዋዜን በዲግሪ መማር ነውር አይደለም። ይህን ያመጣው ታጎር ብቻ ነው አልልም፤ በደቡብ ሕንድም በዚያው ዘመን የታገሉ ነበሩ። የእሱ ግን ውዝዋዜን በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስገባቱ ነው የሚለየው።

የትምህርቱ ይዘትም በአንድ ስልት አልተወሰነም። ታጎር በ1927 ጃቫና ባሊ ሄዶ ሙሉ ታሪክ በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ ሲነገር አየ። ተማሪውንና መምህሩን ሻንቲዴቭ ጎሽን ወደ ሲሎን፣ ማለትም የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ልኮ የካንዲን ውዝዋዜ እንዲያጠና አደረገ። ከኬራላም የካታካሊ ስልት ገባ። የልጁ ሚስት ፕራቲማ ዴቪ እነዚህን ሁሉ አዋህዳ ቅንብሩን ትመራ ነበር። ውጤቱ ሦስቱ ታላላቅ የውዝዋዜ ድራማዎች ናቸው፤ «ቺትራንጋዳ» በ1936፣ «ቻንዳሊካ» በ1938፣ «ሽያማ» በ1939። ልብ በሉ፣ «ቻንዳሊካ» ከማይነኩት ወገን ስለሆነች ልጃገረድ ነው የሚያወሳው፤ የቡድሃ መነኩሴ ከእጇ ውሃ ሲለምናት ሰው መሆኗን ታውቃለች።

የገንዘቡ ነገር

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደማይነገረው ልምጣ። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አልነበረውም። ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ሆኖ መቆየት ስለፈለገ የመንግሥት በጀት አይጠብቅም። ስለዚህ ታጎር መጻሕፍቱን እየሸጠ፣ አሜሪካና አውሮፓ ድረስ ንግግር እያደረገ፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ ደግሞ ተማሪዎቹን ይዞ እየዞረ ገቢ ያሰባስብ ነበር። በ1934 ሲሎን ድረስ «ሻፕሞቻን»ን ይዞ ሄደ። በ1936 «ቺትራንጋዳ»ን ይዞ የሰሜን ሕንድ ከተሞችን ዞረ። ዕድሜው ሰባ አምስት ሊሞላ ነው፤ ጤናውም ደክሟል። ቡድኑ ዴልሂ ሲደርስ ጋንዲ ነገሩን ሰማ። ሽማግሌው በዚህ ዕድሜው ለልመና መውጣቱ አሳዘነውና ስሙን መግለጽ ካልፈለገ ለጋሽ 60,000 ሩፒ አስገኝቶለት ወደ ቤቱ እንዲመለስ ለመነው።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የጋንዲን ደግነት ለማሳየት ያነሱታል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። የኪነ ጥበብ ትምህርት ውድ ነው፤ መሣሪያ ይፈልጋል፣ አልባሳት ይፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የመምህሩን ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ወጪ ተቋም ካልሸፈነው አንድ ሰው በጉልበቱ ይሸፍነዋል፤ ያ ሰው ሲደክም ደግሞ ሁሉም ይደክማል። ታጎርም ይህን ያውቅ ነበር። በፌብሩዋሪ 1940 ጋንዲ ሻንቲኒኬታንን ሲጎበኝ ሊመለስ ሲል እኔ ሳልኖር ይህን ተቋም አደራ የሚል ደብዳቤ በእጁ አስጨበጠው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተወካዮች ሻንቲኒኬታን ድረስ መጥተው የክብር ዶክትሬት ሰጡት። ከትምህርት ቤት የሸሸው ልጅ ዲግሪውን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ ራሱ ባቋቋመው ግቢ ተቀበለ። ኦገስት 7 ቀን 1941 በተወለደበት በጆራሳንኮ ቤት አረፈ።

ከእሱ በኋላ

ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1951 ቪስቫ ባራቲ በፓርላማ ሕግ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በጀት አገኘ፤ አደራውም ከሞላ ጎደል ተጠበቀ። በ2023 ሻንቲኒኬታን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። የታጎር ሐሳብ ባሕር ተሻግሮም ሄዷል። የገጠር ልማት ሥራውን ያገዘው እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ኤልምኸርስት ከባለቤቱ ጋር በ1925 እንግሊዝ ውስጥ ዳርቲንግተን የተባለውን ስፍራ ገዝቶ በዚያው መንፈስ አቋቋመው። እኛ በትወና ትምህርት የምናውቀው ማይክል ቼኮቭ በ1936 ስቱዲዮውን የከፈተው እዚያ ነው። በኋላም ከ1961 ጀምሮ የኪነ ጥበባት ኮሌጅ ሆኖ በ2010 ቦታውን እስኪለቅ ድረስ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። የታጎር ዘፈኖች የባለቤትነት መብት እስከ 2001 መጨረሻ በቪስቫ ባራቲ እጅ ስለነበር ዘፈኖቹን ማስቀረጽ የሚፈልግ ድምፃዊ ከዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ቦርድ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ቦርዱ ይህ አዘፋፈን ትክክል ነው፣ ያኛው አይደለም እያለ ይወስናል። በዚህ የተነሳ ስማቸው የገነነ ዘፋኞች ተጋጭተውበታል። ልምምድ ላይ ትዕይንት ሲያወጣና ሲያስገባ፣ የአየርላንድን ዜማ ከራጋ ሲቀላቅል የኖረ ሰው ሥራ እንዳይነካ ታጠረ። ቦርዱን ብቻ ለመውቀስ አይደለም፤ ያ ጥበቃ ባይኖር ብዙ ዘፈን ተበላሽቶ ይቀር እንደነበር የሚከራከሩ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ግን ኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚያጋጥመው ፈተና ይሄው ነው። ሥርዓተ ትምህርት፣ ግሬድና ሕግ ከሌለው አይቀጥልም፤ እነዚህ ብቻ ከሆኑ ደግሞ ይደርቃል።

እንግዲህ መነሻዬ ወደነበረው ጥያቄ ልመለስ። ለአዝማሪነት ምን ዲግሪ ያስፈልጋል ለሚለን ሰው የታጎር ሕይወት የሚሰጠው መልስ ዲግሪ ያስከብራል የሚል አይመስለኝም። ራሱ ያለ ዲግሪ የኖረ ሰው ነውና። ጎሪን በካልካታ መድረክ ያስከበራት የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ ጥበቡን በትክክል ያስተማራት የማኒፑሪ መምህር፣ ለእሷ የሚመጥን ተውኔት የጻፈላት ደራሲ፣ ከጎኗ የቆመ አስተማሪ ነው ያስከበራት። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ነገር ነው ዩኒቨርሲቲ ሊባል የሚገባው።

ስለዚህ ከተማሪም ከመምህርም ወገን ያላችሁ አንባብያን፣ የሚቀጥለው ዝግጅታችን ሲታሰብ አንድ ነገር እንድናስብበት እጠይቃለሁ። ተማሪው ተውኖ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነጥብ የሚሰጥበት አሠራር አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ግን አልፎ አልፎ መምህሮቻችንም አብረውን መድረክ ቢወጡስ? አንዲት ትንሽ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ መነኩሴ እንኳ ብትሆን። ታጎር ያንን ያደረገው ተዋናይ ጠፍቶ እንዳልነበር አይተናል።